ስንቅ፣ መሻገሪያ፣ ማደሪያ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ የሚያወጣው መንገድ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አዲስ ዓይነት መንገደኛ ማየት ጀምሮ ነበር። ሻንጣውን በጀርባው ያዘለ፣ ወፍራም ጫማ የተጫማ፣ ገበያም ዘመድም ሳይጠራው ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣ የሚውል ሰው ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት የጮቄን የኢኮቱሪዝም መንደር ከዓመቱ ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ሲያስገባው ወሬው ይበልጥ ተሰማ። ስለዚህ መንገደኛ ሁለት ነገር ሲባል እንሰማለን። አንዱ ወገን፣ ረጅም መንገድን ለመንገዱ ሲሉ መጓዝ ከባሕር ማዶ የመጣ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ አባቶቻችን አገሩን ከዳር እስከ ዳር በባዶ እግራቸው ያካልሉት ነበር፣ የዛሬው ልጅ ግን ጉልበቱ ከዳው እያለ ይቆጫል። ሁለቱ የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጉዞውን የእግር ጉዳይ ብቻ ያደርጉታል። የጎጃም የእግር መንገድ ታሪክ ሲመረመር ግን ሰውን ሩቅ ያስኬደው ከጉልበቱ ይልቅ ሥርዓቱ ሆኖ ይገኛል። በየትኛው ወር እንደሚወጣ፣ በየት እንደሚሻገር፣ ከማን ጋር እንደሚኬድ፣ መሽቶ የት እንደሚታደር የሚወስን፣ ማንም ያልጻፈው ሁሉም ግን የሚያውቀው ሥርዓት ነበር። ይህ ሥርዓት በጸናበት ዘመን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ካንዱ አገር ወዳንዱ አገር ይሻገር ነበር፤ በላላበት ጊዜ ደግሞ ጋሻና ጦር የያዘውም ካለበት አይነቃነቅም።

ነገሩ ከመልክዓ ምድሩ ይጀምራል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ በመጨረሻም ወደ ምዕራብ እየታጠፈ ጎጃምን እንደ መቀነት ይዞረዋል። መካከሉ ላይ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ተምጫና ሌሎችም ወንዞች ከዚሁ ተራራ ይነሡና እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሸለቆ እየቦረቦሩ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ስለዚህ ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ሁሉ መሬት ላይ ሩቅ ነው፤ ተራራውን ዞሮ የሚሄድ ሰው አንዱን ሸለቆ ወጣሁ ሲል ሌላው ይጠብቀዋል። ከሁሉ የሚከፋው ዓባይ ራሱ ነው። በደጀንና በጎሐ ጽዮን በኩል ደጋው ከ2,400 ሜትር በላይ ሲሆን የወንዙ ዳር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው። የሚሻገር ሰው ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ ይሞላና ድልድይ በሌለበት ሁሉ ከሰኔ እስከ መስከረም መሻገር የማይታሰብ ይሆናል። በጋ ሲመጣ ውኃው ይቀላል፣ ቆላው ግን ይከብዳል፤ የሸለቆው ሙቀትና ንዳዱ ደገኛውን ያስፈራዋል። በሸለቆው ሥር ማደር ሞት መጥራት ነው የሚለው የደጋ ሰው እምነት በየዋህነት የመጣ አይደለም። ወባ በምን እንደሚተላለፍ ሳይታወቅ በፊት ሰዉ ከልምዱ የደረሰበት ድምዳሜ ነው፤ ትንኟ በሌሊት የምትነድፍ ናትና ድምዳሜውም ልክ ነበር። ዛሬ ከባዱ የአንድ ቀን ጉዞ እያልን እንደ ገድል የምናወራው ነገር፣ ማለትም በማለዳ ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ፣ ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሳይመሽ ማዶ ደጋ ላይ መውጣት፣ ለዚያ ዘመን መንገደኛ ጤናውን የሚጠብቅበት መርሐ ግብር ነበር።

ይህ መርሐ ግብር በተለይ የሚታየው በባሶ ነው። ዛሬ የጁቤን ዋና ከተማ ባደረገው በባሶ ሊበን ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከጎጃም ገበያዎች ሁሉ ገንኖ የሚታወቅ ገበያ ነበር። ከጊቤ ማዶ፣ ከእናርያና ከጅማ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በሆሮ ጉዱሩ አሰንዳቦ በኩል ዓባይን ተሻግሮ እዚህ ይደርስ ነበር። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ይወርድ ነበር። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በዚሁ አካባቢ ተቀምጦ አገሩን ያጠናው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ገበያውንና የነጋዴውን አካሄድ በዝርዝር መዝግቧል። ከጽሑፉ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሲራራ ነጋዴ ብቻውን የሚንከራተት ጀብደኛ አለመሆኑ ነው። በብዙ ሆኖ፣ አለቃ መርጦ፣ የክረምቱን መውጣት ጠብቆ ይነሣል፤ ኬላ ላይ ቀረጥ ይከፍላል፤ ወንዙ ዳር ሲደርስ አካባቢውን በሚያውቁ ሰዎች እጅ ይሻገራል። በዓባይ ዳር የሚኖሩ ሰዎች የተነፋ ቁርበትን እንደ ታንኳ እየተጠቀሙ ሰውና ዕቃ ያሻግሩ ነበር። የሩቁን መንገድ ከዳር እስከ ዳር የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር፤ መንገዱ ግን በየክፍሉ የሚያውቀው ባለቤት ነበረው። ነጋዴው የሚገዛው ዕውቀትም ይኸው የተከፋፈለ ዕውቀት ነበር። ገበያዎቹ ራሳቸው የዚህ ሥርዓት ምልክት ናቸው፤ ጎረቤታሞች ገበያዎች ቀናቸውን እየለያዩ መቆማቸው አንዱን ሸጦ ለሌላው ለሚደርስ መንገደኛ የተሠራ የቀን መቁጠሪያ ነው። የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ዛሬም ስሙን ከነቀኑ ረቡዕ ገበያ ብሎ ይዞ ይገኛል።

መሻገሪያው ምን ያህል እንደሚወስን ደግሞ ሰባራ ድልድይ ይመሰክራል። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከአንዳቤት ጋር የሚያገናኘው ይህ የድንጋይ ድልድይ በአፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት የአገሩ ሰው አንዱን ቅስት ሰበረው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰዉ የሚያልፈው ከስብራቱ ወዲህና ወዲያ በቆሙ ሰዎች ገመድ እየተጎተተ ነበር። አንድ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት በ2002 (እ.ኤ.አ.) ክፍተቱን በብረት ገጠመው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ ቀጥሎም ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ልብ ሊባል የሚገባው ድልድዩ ተሰብሮ በቆየበት ዘመን ሁሉ መንገዱ አለመሞቱ ነው። ገመድ የሚጎትቱ እጆች እስካሉ ድረስ መንገድ ነበር። ድንጋዩ ወድቆ ሥርዓቱ ሲቆም እንዲህ ነው፤ የዚህ ተቃራኒም፣ ድልድዩ ቆሞ ሥርዓቱ ሲወድቅ የሚሆነውም፣ በታሪካችን ብዙ ጊዜ ታይቷል።

ሰባራ ድልድይን የመሰለው መሻገሪያ ከነጋዴ ሌላ ዋና ደንበኛው የቆሎ ተማሪ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በአንድ ቦታ አይጨረስም። ቅኔ የሚሻ ጎጃም ይመጣል፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ እያለ ይጠይቃል። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ውስጥ ወደምትገኘው ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ዙር አምባ ይወጣል፤ አቋቋም የጎንደር ነው። መምህሩ ወዳለበት ተማሪው ይከተላል፤ መምህሩ ሲያርፍ ወይም ሲዛወር ጉባኤው ይፈታል፣ ጎጆው ይቀራል። ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርቱ ራሱ በየደብሩ የተበተነ የእግር መንገድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተማሪው ዕቃ ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ለብርድ ደበሎ፣ ለቁራሽ አኮፋዳ፣ ለውሻ ዱላ። ዛሬ ሸክም ለማቅለል የሚጨነቅ ተጓዥ ከዚህ በታች ማቅለል አይቻለውም። ግን ሸክሙን ያቀለለው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል የምትወጣው እናት መኖር ነው። ስንቁ በተማሪው ጀርባ ላይ አልነበረም፤ በመንደሩ ጎተራ ውስጥ ነበር። ከጎዛምን የወጡት ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ናቸው፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ ሕይወት ከደብር ደብር በሚወስድ መንገድ ላይ የተዘረጋው ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ከባድ ስለሆነ በቸልታ አይታለፍም። ነጋዴው ለትርፍ፣ ተማሪው ለሹመትና ለእንጀራ ሄደ፤ ሌላ መጓጓዣ ስለሌለ በእግሩ ሄደ፤ ችግር ያስኬደውን ሰው በፈቃዱ ተራራ ከሚወጣ ጋር ማመሳሰል ችግሩን ማስዋብ ነው፤ ተቃውሞው ይህ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ከማስረጃው ጋር አይገጥምም። ተማሪው አቅራቢያው ካለው ጉባኤ ይልቅ ሩቁን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ ሆነ ብሎ ነው፤ ቅርብ ከሆነ ወላጅ ለእርሻ መልሶ ይወስደዋልና። ብዙዎቹ ከቤት የወጡት ጠፍተው ነው። ርቀቱ የትምህርቱ እንቅፋት ብቻ ሳይሆን ጠባቂው ነበር። ተሳላሚው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ወደ ግሸን፣ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ በሰከላ ወደሚገኘው የግሽ ዓባይ ጠበል በእግሩ እሄዳለሁ ብሎ የሚሳል ሰው ዛሬም አለ፤ አውቶቡስ በአጠገቡ እያለፈ። በግሸን የመስከረም 21 በዓል ለመድረስ የሚነሣ የጎጃም ሰው መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ገና ያልጎደለበትን ጊዜ መርጦ ይወጣል። ድካሙ የስለቱ አካል ነው፤ ድካሙ ከተቀነሰ ስለቱም ይቀንሳል። በገዛ ፈቃድ ከባዱን መንገድ መምረጥ ከውጭ የመጣ ነው የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱ የት እንዳለ እንናገር ከተባለ፣ ተሳላሚው ድካሙን ለሌላ ያቀርበዋል፣ የዛሬው ተራራ ወጪ ግን ለራሱ ያስቀረዋል። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም፣ ሆኖም የጉዞውን አደረጃጀት አይለውጠውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያስጨንቃል። «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሲባል «ቤት ለእንግዳ» ብሎ የሚከፍት በር፣ እግር የሚያጥብ ባለቤት፣ ይህን ሁሉ ስናወድስ ማን እንደከፈለው መጠየቅ አለብን። ያ መስተንግዶ ሁሉ በፈቃድ የተሰጠ አልነበረም። የንጉሥ ወይም የደጃዝማች ትእዛዝ ይዞ ለሚያልፍ ሰው ድርጎ የሚያቀርበው ገበሬው ነው፤ ሠራዊት ሲያልፍም ሲሰፍርም ጎተራው የሚራቆተው የሱ ነው። እንግዳ ስትቀበል ሌሊት ጥዳ የምታድረው፣ ውኃ ቀድታ እግር የምታጥበው ደግሞ ሴቲቱ ነች፤ በመንገደኞች ማስታወሻ ውስጥ ስሟ አይገኝም። ከሁሉም የሚከፋው፣ በባሶ ገበያ ከቡናውና ከወርቁ ጎን ባሪያ ይሸጥ ነበር። እነዚያ ሰዎችም ያንኑ ገደል ወርደው ያንኑ ወንዝ ተሻግረው መጥተዋል፤ መንገዱን ከማንም የበለጠ በእግራቸው ያወቁት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ስንቁንም መሻገሪያውንም ማደሪያውንም የመረጠላቸው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ሥርዓት ነበር ማለት ፍትሕ ነበር ማለት አይደለም። የኔ ክርክር ጠባብ ነው፤ በመልካሙም በክፉውም ያስኬድ የነበረው የሰዎች ግንኙነት እንጂ የእግር ጥንካሬ አልነበረም ነው የምለው። ድርጎ ደግሞ ክርክሩን ያጸናዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ ሹም ያለ ድርጎ ሩቅ አይሄድም ነበርና።

የውጭ አገር ሰዎች ታሪክ በዚህ ዓይን ሲነበብ ሌላ መልክ ይይዛል። ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ግሽ ዓባይ ደረሰና ምንጩን አገኘሁ ብሎ ለዓለም አወራ፤ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 ከእሱ ቀድሞ አይቶታል፤ የአገሩ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ጠበሉን ይጠመቅበት ነበር። ብሩስን ግሽ ያደረሰው ድፍረቱ ብቻ እንዳልሆነ የራሱ መጽሐፍ ይናገራል። የዳሞትና የአገው ምድር ገዥ የነበረው ፋሲል ፈረሱን ሰጠውና ሳይጋልበው ከነኮርቻው ከነልጓሙ በፊቱ እንዲያስነዳው መከረው፤ ፈረሱን ያየ ሰው አይነካህም ማለቱ ነበር። የመንገዱ ቁልፍ በሰው ዘንድ የታወቀ አንድ ፈረስ ነበር። በ1925 (እ.ኤ.አ.) ዳንግላ ላይ ቆንስል ሆኖ የተሾመው ሻለቃ ቺዝማንም የዓባይን ሸለቆ ለዓመታት በበቅሎና በእግር እያሰሰ ካርታ ሲሠራ የተመካው በየአካባቢው መሪዎችና በየባላባቱ ፈቃድ ላይ ነው።

ሥርዓቱን ሳያውቁ መግባት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ጣልያንን ለማስወጣት የተደረገው የ1933 ዓ.ም. ዘመቻ አሳይቷል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን ኡም ኢድላ ላይ ድንበሩን ሲሻገሩ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ጭነቱን የጫነው ከሱዳን በተሰበሰቡ በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ላይ ነበር። ግመሉ በረሃውን ያውቃል፣ የጎጃምን ዳገትና ብርድ ግን አያውቅም፤ ከግመሎቹ አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። የአገሩ ሲራራ ነጋዴ ለምን በበቅሎና በአህያ እንደሚጭን የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ምናልባት ጥቂቶቹ ይተርፉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ የገቡት በሥርዓት በተደራጀው ጦር ብቻ አይደለም፤ አምስት ዓመት ሙሉ ጥሻውን፣ መሻገሪያውንና አብሮ የሚበላበትን ቤት ለይተው የሚያውቁት የጎጃም አርበኞች መንገዱን ከፍተው ስለጠበቁ ነው።

ይህ የመንገድ ሥርዓት እንዴት ደከመ ቢባል፣ የብዙዎች መልስ መኪና መጣ ነው። ቀኑ ግን ከዚያ ይቀድማል። ባሶ ያሽቆለቆለው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የደቡቡ ንግድ ወደ ሸዋና ወደ አዲስ አበባ ሲዞር ነው፤ የጅቡቲ ባቡር በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው የቅፍለት መንገድ ይበልጥ ቀዘቀዘ። መኪናው የመጣው ጉልበቱ በደከመ መንገድ ላይ ነው። በደጀን በኩል ገደሉ ተጠረገ፣ ድልድዩ ተዘረጋ፣ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በጃፓን እርዳታ አዲሱ ድልድይ ተመረቀ። ድሮ አንድ ቀን ሙሉ የሚፈጀውን ገደል አውቶቡስ በሰዓታት ያልፈዋል። መኪናው የወሰደው ግን ሩቁን መንገድ እንጂ ቅርቡን አይደለም። በጮቄ ወገብ ያለ ገበሬ ገብስና ድንች በአህያ ጭኖ ገበያ ለመድረስ ዛሬም ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ተማሪም፣ ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። የቀረው የእግር መንገድ የድሃው ነው፤ ማደሪያ የማያስፈልገው፣ በዕለቱ ሄዶ የሚመለስ መንገድ ስለሆነ የእንግዳው ሥርዓት አብሮት አልኖረም።

ታዲያ ዛሬ ከጅባራው በላይ፣ ከአስታው ባሻገር ቀናት የሚያስኬድ መንገድ ይዘርጋ የሚሉ ሰዎች ከዚህ ታሪክ ምን ይወስዳሉ? ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ዕቅድ ምልክት መትከል፣ ካርታ ማሳተምና አንድ ሎጅ መሥራት ነው። የሌላው ዓለም ልምድ ግን ከሎጁ በፊት ማደሪያውን ያስቀድማል። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ የሚወስደው የተሳላሚዎች መንገድ ለረጅም ዘመን ተረስቶ ቆይቶ ያገገመው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ የመንደር ቄስ በየመታጠፊያው ቢጫ ቀስት እየቀቡ፣ መንደሮቹም ርካሽ የተሳላሚ ማደሪያ እየከፈቱ ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓመት ከ400,000 በላይ ሰው ጉዞውን ፈጽሞ ይመዘገባል። ሩቅ መሄድ ካላስፈለገ ደግሞ በሰሜን ወሎ መቄት አለ። እዚያ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ የገበሬ ማኅበረሰቦች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ጎጆዎች በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ተቀምጠው እንግዳ ያሳድሩ ነበር። መቄት ላይ የተደረገው ባሶ ላይ ይደረግ የነበረው ነው፤ መንገዱን በየክፍሉ የሚያውቅ ባለቤት መስጠት።

ለጎጃም ይህ ቀላል አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የሰፈነው ግጭት እንኳን ተራራ ለመውጣት የሚሻውን፣ ገበያ የሚሄደውንም አስሮ አስቀምጧል። የመንገዱ መዘጋት የድልድይ ወይም የጎዳና ብልሽት ውጤት አይደለም፤ ሰው ሰውን ሳይፈራ ማሳለፍ አለመቻሉ ነው። ይህ እስኪስተካከል ድረስ ማንኛውም ዕቅድ ወረቀት ላይ ይቆያል። ወረቀት ላይ ሳለ ግን አስቀድሞ መወሰን ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣውም የገንዘቡ ጉዳይ ነው። እንግዳው የሚከፍለው ለወረዳው ነው፣ ለአስጎብኚው ድርጅት ነው ወይስ አልጋ ለለቀቀው ቤት? ለሴቲቱ የሌሊት ሥራ ማን ይከፍላል? ድርጎን የሚያውቅ የጎጃም ገበሬ ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድሞ ይጠይቃል፤ መልሱን በጽሑፍ ሳያይ ደጁን ለመንገደኛ ባይከፍት የሚወቅሰው ሊኖር አይገባም።